የሕፃናትን ዳሌ ያለ ቢላዋ ወደ ቦታው የመለሱት ሐኪም

በባሕር ዳር ከተማ ማለዳ ወደ ጣና ዳርቻ የወረደ ሰው ልጅ ያዘለች እናት ሳያይ አይመለስም። ከዘጌ በጀልባ ተሳፍራ ለገበያ የመጣችው፣ ከዓባይ ማዶ ሸክሟን ይዛ የምትገባው፣ በጤና ጣቢያ በር ላይ የክትባት ተራ የምትጠብቀው ሁሉ ልጇን በጀርባዋ ላይ አድርጋለች። የሕፃኑ ጭኖች ተከፍተው የእናቱን ወገብ ከግራና ከቀኝ አቅፈዋል፤ ጉልበቶቹም ታጥፈው ወደ ላይ ከፍ ብለዋል። ለእናቲቱ ይህ እጇን ለሥራ ነፃ የሚያደርግላት የቆየ ልማድ ነው። የአጥንት ሐኪም ግን ይህን አስተቃቀፍ ሲያይ ሌላም ነገር ያስተውላል።

ከመቶ ዓመት በፊት አዶልፍ ሎሬንዝ የተባሉ ኦስትሪያዊ ሐኪም በዓለም ጋዜጦች ስማቸው እጅግ ከገነነ ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ስማቸውን ያስጠራው ዳሌያቸው ወልቆ የተወለዱ ሕፃናትን አክመው፣ ጭኖቻቸውን በእናት ጀርባ ላይ እንዳለ ልጅ ከፍተው፣ በጀሶ ለወራት በማቆየት እንዲራመዱ ማድረጋቸው ነው። በዛሬው አምዳችን የእኚህን ሐኪም ሕይወት እያወሳን፣ ከውልደት ጀምሮ የሚታየውን የዳሌ ውልቃት ምንነት፣ ምልክትና ሕክምና እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙቀጫውና ዘነዘናው

የሎሬንዝን ሥራ ለመረዳት በመጀመሪያ የዳሌን መገጣጠሚያ ማወቅ ያስፈልጋል። መገጣጠሚያው ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው በዳሌ አጥንት ላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ሁለተኛው በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ የሚቀመጠው የጭን አጥንት ክብ ራስ ነው። ዘነዘና ከሙቀጫው ሳይወጣ ወዲያና ወዲህ እንደሚል ሁሉ፣ የጭን አጥንት ራስም ከጎድጓዳው ሳይወጣ በየአቅጣጫው ይዞራል። የምንቆመው፣ የምንራመደውና የምንቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ግን ጎድጓዳው ጥልቀት ያንሰዋል፤ ዙሪያውን የያዙት ጅማቶችም ይላላሉ። በዚህ ጊዜ የአጥንቱ ራስ ወደ ጠርዙ ይንሸራተታል፤ ሲብስም ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ወደ ላይ ይሸሻል። የዳሌ ውልቃት የሚባለው ይኸው ነው። ሙሉ ውልቃት በዓለም ደረጃ ከሺህ ሕፃናት በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ እንደሚታይ ይገመታል፤ ጎድጓዳው በመጠኑ ብቻ የሳሳባቸው ልጆች ግን ከዚህ ይበዛሉ። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ፣ ከቀኝ ይልቅ በግራ ዳሌ ላይ ይበረታል።

ዋናው ቁም ነገር ጊዜ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ የዳሌ ጎድጓዳ ገና ያልጠነከረ፣ በአብዛኛው ልም አጥንት ነው። ሸክላ ሠሪ በእጇ እንደያዘችው እርጥብ ጭቃ ቆጥሩት። ክቡ ራስ በውስጡ ከተቀመጠ ጎድጓዳው በእርሱ ልክ እየጠለቀና እየከበበ ያድጋል። ራሱ ከወጣ ግን ጎድጓዳው ጠፍጣፋ እንደሆነ ይጠነክራል። ጭቃው ከደረቀ በኋላ ቅርጹን ማስተካከል ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሸክላ ሠሪዎች ያውቁታል። የዳሌ ሕክምናም እንደዚሁ ነው። በወራት ዕድሜ በቀላሉ የሚስተካከለው ነገር በዓመታት ዕድሜ ከባድ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። በጥንቷ ግሪክ የነበሩት የሕክምና ሊቅ ሂፖክራተስ ስለ መገጣጠሚያዎች በተጻፈው ሥራቸው አንዳንድ ልጆች ዳሌያቸው ወልቆ እንደሚወለዱ አንስተዋል። የፓሪሱ ታዋቂ ቀዶ ሐኪም ጊዮም ዱፒትረን በ1826 ሕመሙን በዝርዝር ገለጹት፤ ነገር ግን መድኃኒት አላገኙለትም። በዚያ ዘመን ዳሌው ወልቆ የተወለደ ልጅ ዕድሜ ልኩን እያነከሰ እንዲኖር የተፈረደበት ያህል ነበር።

የፈረስ ዕቃ ሠሪው ልጅ

አዶልፍ ሎሬንዝ ሚያዝያ 21 ቀን 1854 ቫይደናው በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው ሲሌሲያ ውስጥ ትገኝ ነበር፤ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ናት። አባታቸው የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበሩ። ቤተሰቡ ድሃ ስለነበር ልጅነታቸው በችግርና በረሃብ አለፈ።

ከልጅነታቸው አንድ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው ከአእምሯቸው አልጠፋም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ወድቆ የነበረ ጓንት አገኙ። ደስ ብሏቸው ወደ እናታቸው ሮጡ። እናታቸው ግን ጓንቱ አንድ ብቻ እንደሆነና ሁለተኛው ካልተገኘ እንደማይጠቅም ነገሯቸው። ልጁ ሁለተኛውን ጓንት ፍለጋ ወጡ። በእርጅናቸው ዘመን የሕይወት ታሪካቸውን ሲጽፉ መጽሐፉን የሰየሙት በዚሁ በጠፋው ጓንት ፍለጋ ነው። ከሕይወት አንዱን ነገር ሲያገኙ ሌላው ይጎድላቸው ነበርና።

ትምህርት ያገኙት በዘመድ እርዳታ ነው። መነኩሴ የነበሩ አጎታቸው በደቡብ ኦስትሪያ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ገዳም አስጠጓቸው። በዚያ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ እየዘመሩ መማር ጀመሩ። በጎጃምና በጎንደር አድባራት የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያለፈ ሰው ይህን ዓይነቱን ሕይወት ሳይነገረው ያውቀዋል። ከዚያም ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕክምና አጠኑ፤ በ1880 ተመረቁ።

ቢላዋውን ያስጣላቸው ሕመም

በቪየና በታዋቂው ቀዶ ሐኪም በኤድዋርድ አልበርት ሥር ረዳት ሆነው መሥራት ጀመሩ። እጃቸው የተባ ነበር፤ የወደፊት ሕይወታቸውም በቀዶ ሕክምና ላይ እንደሚሆን ሁሉም ያምን ነበር። ነገር ግን ያላሰቡት ነገር መጣ።

በዚያን ዘመን ቀዶ ሐኪሞች ጀርም ለመግደል እጃቸውንና መሣሪያቸውን በካርቦሊክ አሲድ ያጥቡ ነበር። ይህ ኬሚካል የብዙ ታካሚዎችን ሕይወት አትርፏል። የሎሬንዝ ቆዳ ግን አልተቀበለውም። እጃቸው ላይ ብርቱ የቆዳ ሕመም ወጣባቸው፤ ቆዳቸው እየቆሰለ አስቸገራቸው። እጁ የቆሰለ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ሊሠራ አይችልም። ለብዙ ዓመታት የለፉበት ሙያ በአንድ ጊዜ ከእጃቸው ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሕክምናን ራሱን ይተው ነበር። መምህራቸው አልበርት ግን ደም የማይፈስበትን የሕክምና ዘርፍ እንዲሞክሩ መከሯቸው። ይህም የተጣመመን ወገብ፣ የዞረን እግርና የወለቀን መገጣጠሚያ በእጅ፣ በማሰሪያና በጀሶ ማስተካከል ነው። በዘመኑ ከቀዶ ሕክምና ጋር ሲወዳደር ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሥራ ነበር። ሎሬንዝ ምክሩን ተቀበሉ። ድሃ ወላጆች ልጆቻቸውን ተሸክመው በሚመጡበት በቪየና የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ውስጥ ወገባቸው የጎበጠ፣ እግራቸው የዞረና ዳሌያቸው የወለቀ ልጆችን ማከም ጀመሩ። በዚያው ሥራ የሚረዷቸውን ኤማ ሌኸርን አገቡ።

በመጀመሪያ ለዳሌ ውልቃት ቀዶ ሕክምና ይሞክሩ ነበር። ጀርመናዊው አልበርት ሆፋ በ1890 ገደማ የጀመሩትን ቀዶ ሕክምና አሻሽለው ሠሩበት። ነገር ግን በዚያን ጊዜ አንቲባዮቲክ አልነበረም፤ ቁስል ካመረቀዘ ልጁ ሊሞት ይችላል፤ ቢተርፍም መገጣጠሚያው ሊደርቅ ይችላል። ልጅን ከማነከስ ለማዳን ሲባል ሕይወቱን ለአደጋ ማጋለጥ ሎሬንዝን አሳሰባቸው። ቢላዋ ሳይነካ የሚሠራበትን መንገድ መፈለግ ያዙ። ከእርሳቸው በፊት በጣሊያን አጎስቲኖ ፓቺ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው ነበር። ሎሬንዝ ግን ዘዴውን በሚገባ አደራጅተው በብዙ ልጆች ላይ ሠሩበት፤ በ1890ዎቹ አጋማሽም ለዓለም አሳወቁ።

ዘዴያቸው እንዲህ ነበር። ልጁ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ሐኪሙ እግሩን እየሳበ፣ የተኮማተሩትን የጭን ጡንቻዎች እያፍታታ፣ ጭኑን አጥፎ ወደ ጎን ይከፍተዋል። የአጥንቱ ራስ የጎድጓዳውን ጠርዝ ተሻግሮ ሲገባ ድምፁ ይሰማል። ከዚያም ጭኖቹ እንደ እንቁራሪት እግር ተከፍተው ከወገብ ጀምሮ በጀሶ ይታሰራሉ። ልጁ በዚህ ሁኔታ ለብዙ ወራት ይቆያል። ሎሬንዝ ልጆቹ በጀሶው ውስጥ እንዳሉ እንዲንቀሳቀሱና እግራቸውን እንዲረግጡ ያበረታቱ ነበር፤ ክብደቱ ራሱን ወደ ጎድጓዳው እየገፋ ቦታውን እንዲያጠልቀው ነው። በ1895 መጨረሻ ራጅ መገኘቱም በጊዜው ጠቀማቸው። የአጥንቱ ራስ በእርግጥ ቦታው መግባቱን ዓይተው ማረጋገጥ ቻሉ።

ወደ ቺካጎ የተደረገው ጉዞ

በ1902 ከአሜሪካ ጥሪ መጣ። በቺካጎ የሥጋ ማሸጊያ ኢንዱስትሪ ባለቤት የሆነው የአርመር ቤተሰብ ሎሊታ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረችው። ልጅቱ ዳሌዋ ወልቆ ነበር የተወለደችው። የቤተሰቡ ሀብት ብዙ ነበር፤ በአገራቸው ግን የሚሹትን ሐኪም አላገኙም። ሎሬንዝ ውቅያኖስ ተሻግረው ቺካጎ ገቡ፤ በጥቅምት 1902 ልጅቱን በዚያው ያለ ቢላዋ ዘዴያቸው አከሟት። ሎሊታ አድጋ፣ ትዳር ይዛ፣ ረጅም ዕድሜ ኖረች።

ወሬው በጋዜጦች ሲሰማ ከየከተማው ድሃ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ጎረፉ። ሎሬንዝ በባለጸጋው ቤት ብቻ አልቀሩም። በየከተማው ሆስፒታሎች እየተዘዋወሩ፣ ሐኪሞች እያዩ፣ የድሃ ልጆችን ያለ ክፍያ አከሙ። በአንድ በኩል አድናቆት፣ በሌላ በኩል ትችት ገጠማቸው። ትችቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። ዕድሜያቸው ከፍ ያሉ ልጆች ላይ በኃይል ሲሠራ አጥንት የሚሰበርበት፣ ነርቭ የሚጎዳበት ጊዜ ነበር። ይህ ጉዳይ ከሕይወታቸው የምናገኘው ትልቁ የሕክምና ትምህርት ስለሆነ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከአሜሪካ ባገኙት ገንዘብ በዳኑብ ወንዝ አቅራቢያ በአልተንበርግ መንደር ትልቅ ቤት አሠሩ። በ1903 ደግሞ ባላሰቡት ጊዜ ሁለተኛ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ እርሳቸው 49፣ ባለቤታቸው 42 ዓመት ሆኗቸው ነበር። የመጀመሪያው ልጃቸው አልበርት የአባቱን ሙያ ተከትሎ የአጥንት ሐኪም ሆነ። ታናሹ ኮንራድ ግን በአልተንበርግ ግቢ ዳክዬና ዝይ እያረባ አደገ፤ ገና ከእንቁላል የወጡ የዝይ ጫጩቶች መጀመሪያ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እናታቸው አድርገው እንደሚከተሉ በማጥናት ታወቀ፤ በ1973 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አባቱም በሕይወት ዘመናቸው ለዚሁ ሽልማት ታጭተው ነበር፤ አላገኙትም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኦስትሪያ ገንዘብ ዋጋ ወደቀ፤ ሎሬንዝ ያጠራቀሙት ሁሉ ከንቱ ሆነ። በ67 ዓመታቸው፣ በ1921፣ እንደገና ወደ ኒውዮርክ ተሻገሩ። በጦርነቱ ማግስት አሜሪካውያን ለተራቡት የኦስትሪያ ሕፃናት ላደረጉት እርዳታ ምስጋና ይሆን ዘንድ በነፃ ለማከም ፈቃደኛ መሆናቸውን አስታወቁ። ብዙ ሕዝብ ደጃፉን አጥለቀለቀው፤ ከአገሩ ሐኪሞች መካከል ግን የተቃወሟቸው ነበሩ። አዛውንቱ ሥራቸውን ቀጠሉ። የካቲት 12 ቀን 1946 በ91 ዓመታቸው በአልተንበርግ አረፉ። ልጃቸው ኮንራድ በዚያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት የጦር እስረኛ ስለነበረ አባቱን መቅበር አልቻለም።

ከኃይል ወደ ለዘብታ

አሁን ወደ ትችቱ እንመለስ። በሎሬንዝ ዘዴ የታከሙ ብዙ ልጆች መራመድ ቢችሉም ከዓመታት በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ የጭን አጥንት ራስ ተበላሽቶ ተገኘ። ምክንያቱ ጭኑ ከልክ በላይ ተከፍቶ በጀሶ ሲታሰር ወደ አጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሱት ትናንሽ ሥሮች መጨነቃቸው ነው። ደም ያላገኘ አጥንት ይሞታል፤ ቅርጹም ይጠፋል። ያለ ደም የሚሠራው ሕክምና አጥንቱን ደም የሚያሳጣበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ከሎሬንዝ በኋላ የመጡ ሐኪሞች ያስተካከሉት ይህንን ነው።

በጣሊያን ፌራራ ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ማሪኖ ኦርቶላኒ አንዲት እናት የልጇን ሽንት ጨርቅ ስትቀይር ከዳሌው ድምፅ እንደሚሰማ ነገረቻቸው። ሐኪሙ የእናቲቱን ቃል ችላ አላሉም። ጭኑን ቀስ ብለው ሲከፍቱት የወጣው ራስ ወደ ጎድጓዳው ሲመለስ በእጃቸው ተሰማቸው። በ1937 ያሳተሙት ይህ ምርመራ ዛሬም በመላው ዓለም አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ላይ ይሠራል። መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሠለጠነ እጅ ብቻ ይበቃዋል።

ቼካዊው አርኖልድ ፓቭሊክ ደግሞ በ1940ዎቹ ልጁን በጀሶ ከማሰር ይልቅ ከቆዳ ጠፍር የተሠራ ማንገቻ አዘጋጁ። ጠፍሩ ከትከሻ ተነሥቶ እግርን ይይዛል፤ ጉልበቱ እንደታጠፈ ሆኖ ጭኑ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይከፈታል፤ ሕፃኑ ግን እግሩን ማወራጨት አይከለከልም። ኃይል የለም፤ ሥራውን የሚሠራው ልጁ ራሱ ነው። የፈረስ ዕቃ ሠሪው ልጅ በጀሶ የጀመሩት ሕክምና በቆዳ ጠፍር ለዘብ ብሎ ተመለሰ። ዛሬ ከጨርቅ የሚሠራው ይህ ማንገቻ ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የመጀመሪያው ሕክምና ነው፤ በጊዜ ከተጀመረ አብዛኞቹ ልጆች ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ።

አንቀልባችን ምን ይነግረናል?

የሕክምና ባለሙያዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያስተዋሉት ነገር አለ። እናቶች ልጃቸውን ጭኑን ከፍተው በሚያዝሉባቸው የአፍሪካ አገሮች የዳሌ ውልቃት ጥቂት ነው። እግርን ዘርግቶ አጥብቆ የመጠቅለል ልማድ ባለባቸው ሕዝቦች ዘንድ ግን ይበዛል። ጃፓን በ1970ዎቹ ሕፃናትን እግራቸውን ዘርግቶ ከመጠቅለል ወላጆች እንዲቆጠቡ ባስተማረች ጊዜ የውልቃቱ ቁጥር በእጅጉ ወርዷል። የዘር ልዩነትም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ቢሆንም የአስተቃቀፉ ጥቅም ታውቋል።

እንግዲህ በጣና ዳርቻ ያለችው እናት በአንቀልባም ሆነ በነጠላ ልጇን ስታዝል፣ ጭኑ ተከፍቶ ጉልበቱ ከታጠፈ፣ ለዳሌው ጥሩ ቦታ ሰጥታዋለች። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ማዘል ይጠብቃል እንጂ የወለቀን ዳሌ አያክምም። ሁለተኛ፣ ጥቂት ማለት የለም ማለት አይደለም። በእኛም አገር ዳሌያቸው ወልቆ የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ የሚያሳዝነው መራመድ ከጀመሩ በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ወደ ሐኪም መምጣታቸው ነው። ለመዘግየቱ ዋናው ምክንያት ሕመሙ ሕፃኑን የማያመው መሆኑ ነው። የማያለቅስ ልጅ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል።

ወላጆች ምን ይመልከቱ?

በይበልጥ መታየት ያለባቸው ልጆች አሉ። በመቀመጫው የመጣ ሕፃን፣ ከቤተሰቡ ከልጅነቱ ያነከሰ ሰው ያለበት፣ የመጀመሪያ ልጅ፣ በተለይም ሴት ልጅ፣ በማሕፀን ሳለ የእንሽርት ውኃ ያነሰው፣ እግሩ ዞሮ ወይም አንገቱ ተጣሞ የተወለደ ልጅ በባለሙያ ዳሌው ይመርመር።

እናት በቤት ውስጥ ሽንት ጨርቅ ስትቀይር ልታስተውላቸው የምትችላቸው ምልክቶችም እነዚህ ናቸው። የሕፃኑ ሁለቱ ጭኖች እኩል አይከፈቱም፤ አንደኛው ይገታል። በጀርባው አስተኝተው ጉልበቶቹን አጥፈው ሲያቆሙ አንዱ ጉልበት ዝቅ ይላል። የጭንና የመቀመጫ እጥፋቶች በሁለቱም ወገን አይመሳሰሉም፤ ይህ ብቻውን ግን በጤነኛ ልጅም ስለሚታይ ሊያስደነግጥ አይገባም። ጭን ሲከፈት የመንሸራተት ስሜት ወይም ድምፅ ይኖራል። መራመድ የጀመረ ልጅ ደግሞ ያነክሳል፣ በአንድ እግሩ ጣቶች ይረግጣል፤ ሁለቱም ዳሌዎች ከወለቁ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ይራመዳል፣ ወገቡም ወደ ፊት ይጎብጣል። ሁለቱም ሲወልቁ የሚወዳደር ጤነኛ ወገን ስለሌለ በቀላሉ ይታለፋል።

ለዚህ ምርመራ የተለየ ጉዞ አያስፈልግም። እናቶች ልጆቻቸውን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይወስዳሉ። እነዚህ ቀናት ዳሌን ለማስመርመር እጅግ የተመቹ ናቸው፤ ሦስቱም ማንገቻው በሚገባ በሚሠራበት ዕድሜ ውስጥ ይወድቃሉ። ክትባቱ ከመሰጠቱ በፊት ልጁ በመቀመጫው መጥቶ ከነበረ ለባለሙያው ይንገሩ፤ የልጄን ዳሌ ይዩልኝ ብሎ መጠየቅም አያሳፍርም። ጥርጣሬ ካለ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አልትራሳውንድ፣ ከዚያ በላይ ላለው ራጅ ይታዘዛል። በባሕር ዳርና በአካባቢው ያሉ ወላጆች ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላቸው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መሄድ ይችላሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የሕፃናትን የአጥንት ችግር የሚያክመው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል አሉ።

ሕክምናው እንደ ዕድሜው

ከስድስት ወር በታች፦ ማንገቻው ሌሊትም ቀንም ለሳምንታት ይለበሳል። በየጊዜው በሐኪም ይስተካከላል። ወላጆች አዝነው ወይም ልጁ ተጨነቀ ብለው በገዛ ፈቃዳቸው ሊፈቱት አይገባም። ሽንት ጨርቅ ደራርቦ ማሰር ማንገቻውን አይተካም።

ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ፦ በማደንዘዣ የአጥንቱ ራስ በእጅ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ለሦስት ወር ያህልም በጀሶ ይያዛል። ይህ የሎሬንዝ ዘዴ ውላጅ ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ ያለ ኃይል መሠራቱ፣ ጭኑም ከልክ በላይ አለመከፈቱ ነው። ጀሶ የተደረገለት ልጅ ጣቶቹ ከጠቆሩ፣ ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከጀሶው ሥር መጥፎ ሽታ ከወጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይመለስ።

ከዚያ በላይ፦ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ የዳሌንና የጭንን አጥንት ቆርጦ ማስተካከልም ሊጨመር ይችላል። ልጁ ስምንት ዓመት አካባቢ ከደረሰ ጥቅሙ ከጉዳቱ ጋር ተመዛዝኖ ሐኪሙ ይወስናል። ሳይታከም ያደገ ሰው በጎልማሳነቱ የዳሌ፣ የጉልበትና የወገብ ሕመም ሊያገኘው ይችላል። ለእርሱም ቢሆን የሕመም ማስታገሻ፣ የእንቅስቃሴ ሕክምና፣ ሲብስም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የመተካት ሕክምና አለ።

ከማድረግ የሚቆጠቡትን ደግሞ እንንገራችሁ። አዲስ የተወለደ ሕፃንን በእግሩ ዘቅዝቆ መያዝ ዳሌውን ይጎዳል። እንዲጠነክር ወይም እግሩ እንዲቃና ተብሎ ሁለቱን እግሮች ዘርግቶና አጣብቆ መጠቅለል አይገባም፤ ለብርድ መጠቅለል ካስፈለገ ከወገብ በታች ሰፋ ብሎ እግሩን እንዲያጥፍና እንዲከፍት ይተውለት። የወለቀን የሕፃን ዳሌ በወጌሻ ማሳሸትና ማስጎተት አጥንትና የደም ሥርን ሊጎዳ ይችላል፤ በሠለጠኑ ሐኪሞች እጅ እንኳ ኃይል ምን እንዳደረሰ ከላይ አይተናል። ሕፃን ሲያዝሉም አንገቱ እስኪጸና ድረስ ጭንቅላቱ ይደገፍ፣ አፍና አፍንጫው አይሸፈን።

ልጇ እያነከሰ ያደገባት እናት ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በራሷ ላይ ታደርጋለች፤ ጎረቤትም ጣልሽው ወይ ይላታል፣ እርግማን ነው የሚልም አይጠፋም። ከውልደት ጀምሮ ያለ የዳሌ ውልቃት የመውደቅም፣ የእርግማንም ውጤት አይደለም። ጠበል የሚያስጠምቁ ወላጆችም እምነታቸውን ሳይተዉ ልጃቸውን በጊዜው ለሐኪም ያሳዩ፤ የሚያልፈው ጊዜ አይመለስምና።

አዶልፍ ሎሬንዝ እጃቸው ቆስሎ ቢላዋ ሲጥሉ ሙያቸው ያበቃ መስሏቸው ነበር። በዚያው እጅ ግን ይራመዳሉ ተብለው ያልታሰቡ ልጆችን አቆሙ። እርሳቸው ያገኟቸው ብዙዎቹ ልጆች ከሦስት ዓመት በላይ ስለነበሩ ኃይልና ጀሶ አስፈለጋቸው። ዛሬ የባሕር ዳር እናት በስድስተኛው ሳምንት የክትባት ቀን ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ዳሌውን ብታስመረምር፣ ያ ሁሉ ላያስፈልጋት ይችላል። ምርመራው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ የሚያድነው ግን የልጁን የዕድሜ ልክ እርምጃ ነው።